የእርሳስ ንድፍን ከፎቶ ኮፒ ወደ ሸራ ማሻገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት፣ ወይም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን የጅማ በርጩማ በእርሳስ የነደፈ ሰው ንድፉን ከአክሪሊክ ቀለም ጋር ሸራ ላይ ማዋሃድ ይችላል። የንድፉ ኮፒ ጄል ሚዲየም በሚባል ወፍራም የአክሪሊክ ማጣበቂያ በፊቱ ተደፍቶ ሸራው ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ወረቀቱ በውሃ ይነሳል፣ ንድፉ ይቀራል። ግን ስለ አሠራሩ ከሚወራው ብዙው ሥራ ያበላሻል።

«ማንኛውም ፕሪንት ይሆናል።» አይሆንም። ሸራው ላይ የሚቀረው ቶነሩ ነው። ቶነር በሙቀት ወረቀት ላይ የቀለጠ የፕላስቲክ ዱቄት በመሆኑ ውሃ አያስለቅቀውም፤ የፎቶ ኮፒና የሌዘር ፕሪንተር ሥራ የሚመቸውም ለዚህ ነው። የተለመደው የኢንክጄት ቀለም ግን ውሃ ሲነካው ይፈሳል። ከተጠራጠሩ ጣትዎን አርጥበው ጠርዙን ያሹት፤ ከለቀቀ አይጠቀሙበት። ዋናው ንድፍ ቤት ይቀመጥ፣ የሚጠፋው ኮፒው ነው።

«የአናጢ ኮላ ከጄል ሚዲየም አይለይም።» ኮላው ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል። ወረቀቱን ለማንሳት ሲያረጥቡት ግን ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቶነሩንም ይዞ ይላጣል።

«አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ይበቃዋል።» ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጄሉን ሸራው ላይ በስሱ ግን ደረቅ ቦታ ሳይተው ይቀቡ፤ ኮፒውን በፊቱ ደፍተው ባረጀ የባንክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር ይግፉ። ዳር ላይ የወጣውን ጄል ወዲያው ይጥረጉ፤ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ከደረቀ በኋላ ውሃ አያስገባም። ከዚያ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። በጅማ ክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሁለት ቀን መስጠት ይሻላል። ሲደርቅ በስፖንጅ አርጥበው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጠብቁና በጣት ሆድ እያዞሩ ይሹት፤ ጥፍር አያስገቡ። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ይነሳል። ይድረቅ፣ እንደገና ይርጠብ፣ ሦስት አራት ጊዜ።

«ነጭ ጉም ከቀረ ተበላሽቷል።» ጉሙ የቀረ የወረቀት ቃጫ ነው። ሲረጥብ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ስስ ሚዲየም ሲቀቡት ይደበዝዛል። እስኪጠፋ ድረስ የሚፈትግ ሰው ቶነሩን ነው የሚፈትገው።

«ቢገለበጥም ግድ የለም።» ለበርጩማ ግድ ላይኖረው ይችላል። ቤተ መንግሥቱ ግን ሰገነቱ በተቃራኒው ወገን ይወጣል፣ ፊደል ካለበትም አይነበብም። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ኮምፒውተር ላይ ግራ ቀኙን ያስገልብጡ።

«በጄል ፋንታ አሴቶን ይፈጥናል።» አሴቶን ቶነርን የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ እውነት ነው። አክሪሊክ በተቀባ ሸራ ላይ ግን ቶነሩን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ያሟሟል። ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል፦ ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ በፍጹም አይከፈትም።

«ዘይት ቀለም ላይም ይያዛል።» አክሪሊክ ጄል ዘይት ላይ ይዞ አይቆይም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል። ዘይት ቀለም የሚወዱ ሰዎች ንድፉን አስቀድመው ያሻግሩ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ዘይቱን ከላይ ይቀቡ።