ሮም ለአጭር የቤተሰብ ጉብኝት፦ ቅርሶቿ፣ ምግቧና የኢትዮጵያውያን አሻራ

ሮም የኢጣሊያ ዋና ከተማ ስትሆን በቲቤር ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በትውፊት ሰባት በሚባሉት ኮረብቶች ላይና ዙሪያ ተዘርግታለች። ታሪካዊው የከተማዋ ክፍል በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ብቻ ወደ ከተማዋ ለሚሄድ፣ በተለይም ልጆችንና አረጋውያን ወላጆችን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ትልቁ ጥቅም፣ ዋና ዋናዎቹ ቅርሶች በእግር ወይም በአጭር የሜትሮ ጉዞ የሚዳረሱ መሆናቸው ነው። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከኮሎሲየም አጠገብ አንስቶ እስከ ቫቲካን ቅጥር ድረስ አባቶቻችን የጸለዩባቸው፣ መጽሐፍ ያሳተሙባቸው፣ የተጋፈጡባቸውና ያሸነፉባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነዚህ ቦታዎች በተለመዱት የጉብኝት መመሪያዎች ውስጥ የሚገባቸውን ያህል ስፍራ ስለማያገኙ፣ ይህ ዳሰሳ ለእነርሱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቷል።

መድረስና መዘዋወር

ከአዲስ አበባ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የሚያርፈው በፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ከዚያ ተነስቶ ተርሚኒ ወደሚባለው ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ የሚወስደው ፈጣን ባቡር 32 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከሦስቱ የሜትሮ መስመሮች ሁለቱ የሚገናኙት እዚያው ተርሚኒ ላይ ነው። የከተማው ተራ ትኬት ለ100 ደቂቃ የሚያገለግል ሲሆን፣ ከአዋቂ ጋር የሚጓዙ ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አይከፍሉም። የድሮው ከተማ መንገዶች በጥቁር ድንጋይ የተነጠፉ ወጣ ገባ በመሆናቸው የሕፃን ጋሪ ለሚገፋና በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው አድካሚ ናቸው፤ ስለዚህ አረጋዊ ያለበት ቤተሰብ የቀኑን ጉዞ ቢያሳጥር ይመረጣል። በየመንገዱ ዳር ቀንና ሌሊት ንጹሕ የመጠጥ ውኃ የሚያወርዱ የብረት ቧንቧዎች ቆመዋል። ከ1874 ጀምሮ የተተከሉት እነዚህ ቧንቧዎች በበጋው ሙቀት ለቤተሰብ ታላቅ እፎይታ ናቸው።

ጥንታዊቷ ከተማ

ትውፊቱ ከተማዋን የመሠረታት ሮሙሉስ ነው፣ ጊዜውም 753 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው ይላል። ከሪፐብሊኩና ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተረፉት ሕንፃዎች ሁሉ የሚታወቀው ኮሎሲየም ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን አስጀምሮት ልጁ ቲቶ በ80 መርቆታል። ይህ ቲቶ በእኛ መጻሕፍት ጥጦስ ተብሎ የሚታወቀው፣ ኢየሩሳሌምን በ70 ያጠፋው የጦር አዛዥ ነው። ከኮሎሲየም ጥቂት ራቅ ብሎ በቆመው የቲቶ ቅስት ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ወታደሮች ከቤተ መቅደሱ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ የሚያሳይ ቅርጽ ተቀርጿል። ኦሪትን በቤተ ክርስቲያን እየሰማ ላደገ ልጅ ከኮሎሲየሙ ግዝፈት ይልቅ ይህ ቅርጽ ብዙ ጥያቄ ያስነሳል፤ ወላጆች ሊያልፉት አይገባም። የኮሎሲየም መግቢያ ትኬት ፎሮ ሮማኖ የተባለውን የጥንቱን የከተማ አደባባይና የፓላቲኖ ኮረብታን መጎብኘትንም ያካትታል፤ ትኬቱ በስም የሚሰጥ በመሆኑ አስቀድሞ መግዛትና መታወቂያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ በነፃ ይገባሉ፤ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድም መግቢያው ለሁሉም ነፃ ቢሆንም ሰልፉ ረጅም ነው።

የጥንት አማልክት ቤተ መቅደስ የነበረው ፓንቴዎን ከጥንታዊ ሕንፃዎች ሁሉ በደህና ሁኔታ የተጠበቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን፣ በ126 ገደማ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ የጉልላቱ ስፋትና ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ቁመት እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 43 ሜትር ከፍ ይላሉ። ብረት ካልገባባቸው የኮንክሪት ጉልላቶች መካከል በትልቅነቱ እስከ ዛሬ ድረስ ከዓለም አንደኛ ነው። በአናቱ ላይ ካለው ክፍት ክብ ዝናብ ሲገባ፣ ውኃው ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ይወርዳል። በ609 ወደ ቤተ ክርስቲያንነት መለወጡ ከጥፋት አድኖታል።

በመካከለኛው ዘመን ከተማዋ በሕዝብ ብዛት እጅግ ተመናምና የጳጳሳት መቀመጫና የተሳላሚዎች መዳረሻ ሆና ቆይታለች።

ቫቲካንና የሐበሻ መነኮሳት

በ1929 በተፈረመው የላተራን ስምምነት ራሱን የቻለ መንግሥት የሆነው ቫቲካን 44 ሄክታር ስፋት ብቻ አለው። የአሁኑ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግንባታ በ1506 ተጀምሮ በ1626 የተቀደሰ ሲሆን፣ ጉልላቱን የነደፈው ሚኬላንጄሎ ነው። የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ ከ1508 እስከ 1512 የሳለውም እርሱ ነው። ወደ ባዚሊካው መግባት ነፃ ነው፤ ይሁን እንጂ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ነጠላ በቦርሳ መያዝ ይጠቅማል። ሙዚየሞቹ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር በሌሎቹ እሑዶች ዝግ ናቸው።

ወደ ባዚሊካው የሚያስገባው መካከለኛ የነሐስ በር በ1445 የተጠናቀቀ የቀራጺው የፊላሬቴ ሥራ ነው። በበሩ ላይ ከተቀረጹት ትዕይንቶች አንዳንዶቹ የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ ከተጠራው ከፍሎረንስ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ከምሥራቅ የመጡ መነኮሳትን ያሳያሉ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ጉባኤው መጥተው ሮምንም እንደጎበኙ በታሪክ የተረጋገጠ ነው፤ የተቀረጹት ግን እነርሱ ይሁኑ ወይስ አብረው የመጡት የግብፅ መነኮሳት በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም።

ከባዚሊካው ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ከቫቲካን አብያተ ክርስቲያናት መካከል በጥንታዊነቱ ቀዳሚው እንደሆነ ይነገራል። በ15ኛው መቶ ዓመት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን ሰጥተውታል። ከዚያ በኋላ ይህ ገዳም ለግእዝ ሥነ ጽሑፍ የሠራው ሥራ ከማናቸውም የአውሮፓ ቦታ ይበልጣል። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ፣ ከገዳሙ መነኮሳት ግእዝን ተምሮ፣ በግእዝ ፊደል የታተመውን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊትን፣ በሮም አሳተመ። የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሪቱን ባናወጠበት ዘመን ከደብረ ሊባኖስ ተነስተው በኢየሩሳሌም በኩል ሮም የደረሱት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በጦርነቱ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው በሚቃጠሉበት ወቅት ወንጌልን በስደት አገር በማተሚያ ቤት ማዳን ምን ያህል ታላቅ ሥራ እንደነበር ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እኚህ ሊቅ የተቀበሩትም በዚሁ በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ከአማራው መካነ ሥላሴ የመጡት አባ ጎርጎርዮስ በዚሁ ማረፊያ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በ1698 የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው የዚህ ወዳጅነት ፍሬ ነው፤ ክብሩ በአብዛኛው ለሉዶልፍ ሲሰጥ ቢቆይም አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ለተራ ጎብኚ ከተፈቀደው ክልል ውጭ በመሆኑ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። በአቅራቢያው በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ የሚገኘው የጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ ብቸኛ የካህናት ኮሌጅ ነው።

ከተርሚኒ እስከ ፖርታ ካፔና

በተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስሙ የተሰጠው ራስ አሉላ ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ በየቀኑ በአደባባዩ የሚያልፈው ሕዝብ ብዛት ሲታሰብ፣ የአሉላ ድል ሳይጠራ የሚታወስበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። የሟቾቹ ሐውልት በራምሴስ 2ኛ ዘመን የተጠረበ የግብፅ ድንጋይ ሲሆን፣ አሁን የሚገኘው ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። በአዲስ አበባ ለገሀር የነበረው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የተተከለውም በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ኤርትራዊው ዘርአይ ደረስ ጁን 15 ቀን 1938 ከአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ሊያስቆሙት በመጡት ላይ ሰይፍ የመዘዘው እዚህ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚተረከው ታሪክ በርካታ ፋሺስቶችን ገደለ ሲል፣ በኋላ የተመረመሩ የኢጣሊያ ሰነዶች የቆሰሉ እንጂ የሞቱ እንዳልነበሩ ያመለክታሉ። የቁጥሩ ነገር እንዲህ ቢያከራክርም ብቻውን በጠላት ከተማ መካከል የፈጸመው ጀግንነት አያከራክርም። ዘርአይ በ1945 በሲሲሊ በታሰረበት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አርፏል።

ከኮሎሲየም አጠገብ ካለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ተነስቶ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በጥቂት ደቂቃ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳል። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረው እዚህ ነበር። ወድቆና ተሰባብሮ ከነበረበት ከአክሱም ተጭኖ የመጣው ይህ 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሐውልት የሙሶሊኒ የድል ምልክት እንዲሆን ተተከለ። ከአጠገቡ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የተሠራው ሕንፃ ከ1951 ጀምሮ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ኢጣሊያ በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ብትገባም፣ ሐውልቱ የተመለሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2003 ተፈታ፤ በኤፕሪል 2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አክሱም ተጓዘ፤ በ2008ም በጥንት ቦታው ቆመ። ዛሬ በአደባባዩ ላይ የሚታዩት ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለሞቱት መታሰቢያ የተተከሉ ናቸው።

አበበ ቢቂላ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 የኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ የሮጠው በዚሁ ጎዳና ነው። ውድድሩ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነስቶ በአፒያ ጎዳና በኩል ተመልሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት የተፈጸመ ሲሆን፣ የማታውን ጨለማ ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የወጣው በአክሱም ሐውልት አጠገብ እንደሆነ ይነገራል፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድም የዓለምን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ድሉ 50 ዓመት በሞላበት በ2010 የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና፣ ለአበበ ክብር ሲል መጨረሻው አካባቢ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቷል። ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ ከልጆች ጋር በእግር መሄድ ከሮም ጉብኝት ሁሉ ሊቀር የማይገባው ነው።

ትሬቪና የስፔን ደረጃዎች

በ1762 የተጠናቀቀው የትሬቪ ፏፏቴና በ1720ዎቹ የተሠሩት የስፔን ደረጃዎች በማለዳ ቢጎበኙ ይሻላል፤ በደረጃዎቹ ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል።

ምግብ

የሮም ምግብ ቤቶች ዋና መታወቂያ አራት የፓስታ ዓይነቶች ናቸው፤ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። አሳማ የማይበላ ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ በሚባል የአሳማ ጉንጭ ሥጋ የሚሠሩ መሆናቸውን ነው። ሥጋ የሌለበት ካቾ ኤ ፔፔ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በፔኮሪኖ የበግ አይብና በቁንዶ በርበሬ ይሠራል። በቀድሞው የአይሁድ ሰፈር ያሉ የኮሸር ምግብ ቤቶች ግን ካርቦናራን ያለ አሳማ ያዘጋጃሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 4ኛ በ1555 የከተማዋን አይሁድ አጥረው ያስቀመጡበት ይህ ሰፈር፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1943 ናዚዎች ከ1,000 በላይ ነዋሪዎችን ወስደው ወደ አውሽቪትዝ የላኩበትም ነው። የሰፈሩ ዝነኛ ምግብ ካርቾፎ ሲሆን፣ እንደ አበባ እምቡጥ የተደራረበ ቅጠል ያለው ይህ አትክልት በዘይት ሁለት ጊዜ ይጠበሳል። ወቅቱ ከአውሮፓው ክረምት መጨረሻ እስከ አውሮፓው ፀደይ በመሆኑ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል።

ጿሚ ሮም ውስጥ አይቸገርም። ማሪናራ የተባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት እንጂ አይብ የለውም። በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚቀርብ ስፓጌቲ፣ በዘይት የተጠበሰ መራራ ጎመንም በብዙ ቦታ ይገኛሉ። ደረቅ ፓስታ እንቁላል የለውም፤ ፌቱቺኔ ግን አለው። አንዳንድ የአትክልት ምግብ ውስጥ ትናንሽ ጨዋማ ዓሣ ስለሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በደቡብ በኩል ያለው ቴስታቾ ሰፈር እስከ 1975 ድረስ የከተማው ቄራ መቀመጫ ነበር። ሠራተኞቹ የሆድ ዕቃና ጭራ ወደ ቤታቸው ይወስዱ ስለነበር፣ በቲማቲም የበሰለ ጨጓራና የበሬ ጭራ ወጥ የሰፈሩ ምግብ ሆነው ቀርተዋል። ዱለት ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆኑም። ልጆችን የሚያስደስተው በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጠው ፒዛና ሱፕሊ የተባለው፣ ሩዝ ውስጥ አይብ ተደርጎ የሚጠበሰው ነው፤ ሱፕሊ ብዙ ጊዜ ሥጋ ስላለው መጠየቁ አይከፋም።

ቡና በመደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲጠጣ ዋጋው ተቀምጦ ከሚጠጣው ያንሳል። ማኪያቶ ያዘዘ አዲስ አበቤ የሚቀርብለት በትንሽ ስኒ ጥቂት ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው፤ ወተት የበዛበትን የሚፈልግ ካፑቺኖ ይዘዝ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉና እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ስለማይጀመር፣ ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ መቆያ ቢይዝ ይበጀዋል። እንጀራ የናፈቀው ደግሞ በተርሚኒ ዙሪያ ባሉ መንገዶች የኤርትራውያንና የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችን ያገኛል።