ያረጁ ሄሊኮፕተሮችን ማዘመንና የአገልግሎት ዘመናቸውን ማራዘም

ያረጀ ሄሊኮፕተርን ማዘመን ማለት ብዙ ዓመት የበረረን ሄሊኮፕተር ፈታትቶ፣ የደከመ አካሉን ጠግኖ ወይም ቀይሮ፣ ሞተሩን፣ ጊርቦክሱንና የበረራ መሣሪያዎቹን በተሻሉ ተክቶ ለተጨማሪ ዓመታት እንዲያገለግል ማድረግ ነው። መደበኛ ጥገና ሄሊኮፕተሩን ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ ማዘመን ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን አቅም ይጨምርለታል። ሥራው በመላው ዓለም የተስፋፋው አዲስ ሄሊኮፕተር እጅግ ውድ በመሆኑና ከንድፍ ተነሥቶ አገልግሎት ላይ እስኪውል ከአሥር ዓመት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የበረሩት ቺኑክ፣ ሚ-8፣ ሚ-24 እና ብላክ ሆክ ዛሬም የብዙ አገሮች የአየር ኃይል የጀርባ አጥንት ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ማዘመን ሲነገር ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በአብራሪው ክፍል (ኮክፒት) ውስጥ በሚተከሉት ባለቀለም ስክሪኖች ላይ ነው። የሄሊኮፕተርን ዕድሜ የሚወስኑት ግን የሚሽከረከሩት ክፍሎቹና አጽሙ ናቸው። እነሱን ሳይፈትሹና ሳያድሱ ስክሪን ብቻ መቀየር ለአብራሪው ሥራ ያቀላል እንጂ ለሄሊኮፕተሩ አንድ ቀን ዕድሜ አይጨምርም። የተሳኩትን የማዘመን ፕሮግራሞች ካልተሳኩት የሚለየውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

የሚያረጀው ምንድን ነው?

ሄሊኮፕተር ሮተሩ (ወደ ላይ የሚያነሣው ተሽከርካሪ ክንፍ) መዞር ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ እስኪቆም ድረስ ይንቀጠቀጣል። የቺኑክ ሮተር በደቂቃ 225 ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ብሌድም (የሮተሩ አንድ ክንፍ) በእያንዳንዱ ዙር ወደ በረራው አቅጣጫ ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ የሚሸከመው ኃይል ይለዋወጣል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠስ፣ ብረትም በዚህ ተደጋጋሚ ጫና ውስጡ ይደክማል። ስንጥቁ መጀመሪያ በዓይን አይታይም፤ ከታየ በኋላ ደግሞ በፍጥነት ሊያድግ ይችላል።

ስለዚህ የሮተሩ ማዕከል፣ ዋናው ዘንግ፣ ብዙዎቹ የብረት ብሌዶችና የመቆጣጠሪያ ዘንጎች የተወሰነ የበረራ ሰዓት ተቆርጦላቸዋል። ክፍሉ ፍጹም ጤነኛ ቢመስልም ሰዓቱ ሲሞላ ይወጣል፤ ተመልሶም አይገጠምም። ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ክፍል የበረረበትን ሰዓት የሚያሳይ መዝገብ የሄሊኮፕተሩ አካል ያህል ዋጋ አለው። ታሪኩ የማይታወቅ የሮተር ማዕከል፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ኃላፊነት የሚሰማው ቴክኒሻን አይገጥመውም። በአየር ኃይሎች መካከል እጅ ለእጅ የተላለፉ ሄሊኮፕተሮች ላይ ትልቁ ወጪ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መዝገቡ ስለጠፋ ብቻ ጥሩ ሊሆን የሚችል ክፍል ሁሉ ይጣላል።

ሰዓት ብቻውን ግን አይበቃም። ሃንጋር ውስጥ የቆመ ሄሊኮፕተርም ያረጃል፦ ጎማና ማኅተሞች ይደርቃሉ፣ አሉሚኒየሙ በሪቬቶቹ (ክፍሎቹን በሚያያይዙት ምስማሮች) ዙሪያ ይዝጋል፣ የሽቦዎቹ ሽፋን ይሰነጠቃል። የሩሲያ ሥሪት ሄሊኮፕተሮች ሁለቱንም ገደብ ጎን ለጎን ይቆጥራሉ፤ የበረራ ሰዓቱ ወይም የዓመቱ ብዛት፣ ቀድሞ የሞላው ሄሊኮፕተሩን ወደ ሙሉ እድሳት ይልከዋል። ስለዚህ ትንሽ የበረረ ሚ-8 እንኳ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ከበረራ ሊታገድ ይችላል። ኤሌክትሮኒክሱ ደግሞ በሌላ መንገድ ያረጃል። ዕቃው እየሠራ እያለ የሠራው ፋብሪካ ምርቱን ያቆማል፣ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል።

ፈቶ ማየት

ሥራው የሚጀምረው ሄሊኮፕተሩን እስከ አጽሙ በመግፈፍ ነው። ብሌዶቹ፣ ሞተሮቹ፣ ጊርቦክሶቹ፣ ሽቦዎቹና የውስጥ ወለሉ ይነሣሉ፤ ቀለሙ ይላጣል። ከዚያ ፍሬሙ በኤክስሬይ፣ በድምፅ ሞገድና በኤሌክትሪክ ጅረት ይመረመራል። ፈተናው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ውል የሚፈረመው ሄሊኮፕተሩ ከመፈታቱ በፊት ሲሆን የዝገቱ ልክ የሚታወቀው ግን ከተፈታ በኋላ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከበጀትና ከጊዜ ሰሌዳ የሚያልፉትም ለዚህ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የመሬትና የበረራ ሙከራ ይከተላል፤ በሲቪል ሄሊኮፕተር ላይ የተደረገ እያንዳንዱ ትልቅ ለውጥ ደግሞ ከአቪዬሽን ባለሥልጣን የተለየ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል።

ቺኑክ፦ አንድ ንድፍ ከስልሳ ዓመት በላይ

የማዘመንን ጥቅም ለማየት ከቺኑክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ባለ ሁለት ሮተሩ ይህ ከባድ ሄሊኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በመስከረም 1961 ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምድር ጦር ተረከበው። የመጀመሪያው ሞዴሉ ሲኤች-47ኤ ከ15 ቶን ትንሽ ባነሰ ጠቅላላ ክብደት ይነሣ ነበር፤ ሞተሮቹም መጀመሪያ ላይ እያንዳንዳቸው 2,200 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። በቬትናም ጦርነት ወቅት ቢና ሲ የተባሉት ሞዴሎች ተከተሉ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ጦሩ ምርጫ ቀረበለት፤ አዲስ ከባድ ሄሊኮፕተር ማስነደፍ ወይም ያሉትን ማደስ። የተመረጠው እድሳቱ ነበር። ቦይንግ በፔንስልቬኒያ፣ ከፊላዴልፊያ አጠገብ ባለው በሪድሊ ፓርክ ፋብሪካው ከ400 በላይ የኤ፣ የቢና የሲ ሞዴሎችን እየፈታ ወደ ሲኤች-47ዲ ቀየራቸው። የተሻሻለው ናሙና በ1979 በረረ። የብረት ብሌዶቹ ወጥተው በፋይበርግላስ ተተኩ፤ ሞተሩ፣ ጊርቦክሱ፣ የሃይድሮሊክና የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ታደሰ፣ ሦስት የጭነት መንጠቆ ተገጠመለት። ትልቁ የመነሻ ክብደት ወደ 22.7 ቶን አደገ። አካሉ በ1960ዎቹ የተሠራ ሄሊኮፕተር ከመጀመሪያው ንድፉ በግማሽ የሚበልጥ ክብደት ይዞ መነሣት ቻለ ማለት ነው።

የብሌዱ ለውጥ ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል ይገባል። የብረት ብሌድ ስንጥቅ ካገኘው ታሪኩ አለቀ። የፋይበርግላስ ብሌድ ግን ከብዙ ሺህ ክሮች የተሠራ ስለሆነ ጉዳት ቢደርስበት ቀስ ብሎ ይስፋፋል፤ ለመታየትም ለመጠገንም ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ስለሞላ ብቻ አይጣልም፤ ሁኔታው እየታየ ይሠራል። አንድ የቁስ ለውጥ የወጪውንም የደኅንነቱንም ስሌት በአንድ ጊዜ አሻሻለው።

ቀጣዩ ሲኤች-47ኤፍ በ2001 በረረ፣ በ2007 አገልግሎት ጀመረ። እያንዳንዱ ሞተሩ 4,868 የፈረስ ጉልበት አለው። በዚህ ጊዜ መሐንዲሶቹ የደረሱበት ነገር የቀድሞውን እድሳት ገደብ አሳየ፦ ከብዙ ትንንሽ ብረቶች በሪቬት የተገጣጠመው አሮጌ አጽም ዋናው የችግር ምንጭ ሆኖ ተገኘ፤ መንቀጥቀጡም ስንጥቁም ከዚያ ይነሣ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ብረት በማሽን ተቀርጸው የወጡ ፍሬሞች ያሉት አዲስ አካል ተሠራ፤ ከአሮጌዎቹ ዲ ሞዴሎች ግን በጤናቸው ያሉ ውድ ክፍሎች እየታደሱ በብዙዎቹ ላይ ተገጠሙ። በ2019 የበረረው ቀጣይ ማሻሻያ የመነሻ ክብደቱን ወደ 24.5 ቶን ያህል አድርሶታል።

ሞተር፣ ጊርቦክስና ቀጭን አየር

እያንዳንዱ ማሻሻያ ክብደት ያመጣል። የጥይት መከላከያ፣ ራዳር፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ፣ ካሜራ ሲደመር ሄሊኮፕተሩ በወጣትነቱ ይሸከም የነበረውን ጭነት መሸከም ያቅተዋል። መፍትሔው ጠንካራ ሞተር ይመስላል፤ ነገር ግን የሞተሩ ጉልበት ወደ ሮተሩ የሚደርሰው በጊርቦክሱ በኩል ነው። ጊርቦክሱ ከተወሰነ ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) በላይ መሸከም ካልቻለ የተጨመረው ጉልበት በዝቅተኛ ቦታ ጥቅም የለውም።

ለኢትዮጵያ ግን ሌላ ነገር አለ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ይሆናል፣ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ተርባይኑ ጉልበት ያጣል፣ ብሌዱም የሚገፋው አየር ያጣል። ለደጋ አገር ሄሊኮፕተር የሞተር ለውጥ ሰው ከገደል አፋፍ የማንሣትና ያለማንሣት ጉዳይ ነው።

ይህን የሚ-8 ታሪክ በደንብ ያሳያል። የመጀመሪያ ናሙናው በ1961 የበረረው ይህ የሶቪየት ሄሊኮፕተር ወደ ምርት ሲገባ እያንዳንዳቸው 1,500 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሁለት ሞተሮች ይሠራ ነበር፤ በሙቀትና በከፍታ ግን ይደክም ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ አካሉ ሳይነካ ከ1,900 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሞተሮች ከአዲስ ጊርቦክስ ጋር ተገጠሙለት፤ ውጤቱም በውጭ ገበያ ሚ-17 ተብሎ ታወቀ። የጅራት ሮተሩ ከጅራቱ ቀኝ ጎን ወደ ግራ ጎኑ መዛወሩም የመቆጣጠር ኃይሉን ጨመረለት፤ ዛሬም ሁለቱን ከሩቅ ለመለየት ቀላሉ ምልክት ይህ ነው። ይህ ለውጥ የተደረገው በአዲስ ምርት ላይ ቢሆንም ሞተርና ጊርቦክስ አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ያስተማረ ነው።

ሚ-8 እና ሚ-24 ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደሉም። ሚ-24 ቀደም ብሎ በውጊያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው ደጀን አቪዬሽንም የተቋቋመው የአየር ኃይሉን አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች በአገር ውስጥ ለመጠገንና ለማደስ ነው። ሚ-24ን ማሻሻል በሌሎች አገሮችም ተሞክሯል፤ የደቡብ አፍሪካው ኤቲኢ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሮጌውን ሚ-24 የሌሊት መመልከቻ፣ አዲስ ኮክፒትና የተመሩ ሚሳይሎች ገጥሞለት ሱፐር ሃይንድ ብሎ ሰየመው፤ የአልጄሪያ አየር ኃይልም ገዝቶታል።

ስለ ኮክፒት ባጭሩ

ክብ ጌጆችን በስክሪን መተካት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው። በ2017 የበረረው ዩኤች-60ቪ የተባለው ብላክ ሆክ የአሮጌውን የኤል ሞዴል አካል ይዞ ኮክፒቱ ከአዲሱ የኤም ሞዴል ጋር እንዲመሳሰል የተደረገ ነው። አብራሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ብዙ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ የሌሊት መነጽር አድርጎ ለማብረርም ይመቻል።

ማሻሻያው ራሱ አደጋ ሲሆን

ኅዳር 6 ቀን 1986 ከሰሜን ባሕር የነዳጅ መድረክ ሠራተኞችን ወደ ስኮትላንድ ሸትላንድ ደሴቶች ይመልስ የነበረ የሲቪል ቺኑክ ለማረፍ ሲቃረብ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት 47 ሰዎች 45ቱ ሞቱ። ምርመራው ምክንያቱን በፊተኛው ጊርቦክስ ውስጥ አገኘው፤ ንድፉ ተሻሽሎ የተገጠመ የቀለበት ማርሽ ተሰንጥቆ ተሰበረ፣ የሁለቱ ሮተሮች ቅንጅት ጠፋ፣ ብሌዶቹም እርስ በርሳቸው ተጋጩ። የተሰበረው ያረጀው ክፍል ሳይሆን የተለወጠው ነበር። ማዘመንን የሚመራ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው፤ አንድ ማርሽ ሲቀየር በዙሪያው ያለው የኃይል አሸካከም ሁሉ ይቀየራል፣ በቂ ሙከራም ይፈልጋል።

ከዚያ ሐዘን የወጣው ትልቁ ለውጥ ሃምስ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጤና መከታተያ ሥርዓት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ባሕር ሄሊኮፕተሮች ላይ መገጠም ጀመረ። በጊርቦክሱና በኩሽኔታዎቹ ላይ የሚለጠፉ ዳሳሾች የእያንዳንዱን ማርሽ መንቀጥቀጥ ይመዘግባሉ፤ ከበረራ በኋላ ቴክኒሻኑ ንባቡን ካለፈው ጋር ያነጻጽራል። ዛሬ አሮጌ ሄሊኮፕተር ሲታደስ አንድ ዕቃ ብቻ መጨመር ይቻላል ቢባል፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት መቅደም ያለበት ይህ ነው።

የት ላይ ይቆማል?

ማዘመን ማብቂያ አለው። የአሜሪካ ማሪን ኮር በ1996 የሂዩይና የኮብራ ሄሊኮፕተሮቹን የማደስ ፕሮግራም ሲጀምር ሐሳቡ አሮጌዎቹን አካሎች መልሶ መጠቀም ነበር። ባለ ሁለት ብሌዱ ሮተር በአራት ብሌድ ተተካ፣ ሁለቱ ዓይነቶች 85 በመቶ ያህሉን ክፍል እንዲጋሩ ተደረገ። ሥራው ሲገፋ ግን አሮጌውን ሂዩይ መፍታትና መጠገን አዲስ አካል ከመሥራት ብዙም የማይሻል ሆነ፤ አብዛኞቹ ዩኤች-1ዋይ የተባሉት የተሻሻሉ ሂዩዮች እንደ አዲስ ተሠሩ። የብሪታንያ አየር ኃይል ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ያበረራቸውን ፑማ ሄሊኮፕተሮች መርጦ 24ቱን በጠንካራ ሞተርና በአዲስ ኮክፒት አሳደሰ፤ እነዚህ እስከ መጋቢት 2025 አገለገሉ።

በእስራኤል ያሉ አንባቢዎች የሚያውቁት ያስዑር፣ ማለትም ሲኤች-53፣ ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። በ1969 የመጡት እነዚህ ሄሊኮፕተሮች በ1990ዎቹ ያስዑር 2000፣ ቆይቶም ያስዑር 2025 በተባሉ ፕሮግራሞች ታድሰዋል። በኅዳር 2019 አንዱ በበረራ ላይ እሳት ተነሥቶበት በደቡብ እስራኤል ሜዳ ላይ በድንገት አረፈ፤ የተሳፈሩት ሁሉ ተርፈው ሄሊኮፕተሩ ተቃጠለ። የቀሩት ለጊዜው ከበረራ ታገዱ። በ2021 መጀመሪያ እስራኤል ተተኪ እንዲሆን ሲኤች-53ኬን መረጠች፤ በዓመቱ መጨረሻም 12 ለመግዛት ተስማማች። እነዚህ ደርሰው እስኪደራጁ ድረስ የቴል ኖፍ አየር ኃይል ሰፈር ቴክኒሻኖች ያስዑርን እየፈቱ መፈተሻቸውን፣ ያስዑርም መብረሩን ይቀጥላል።