ወደ ኢንካ ፍርስራሾች በእግር፦ ስለ ኤልጂቢቲ ተጓዦች የሚባለውና እውነታው

ፔሩ ውስጥ በአንዲስ ተራሮች ላይ ለቀናት ተጉዞ ማቹ ፒቹ የተባለችው የጥንት ኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ መድረስ የብዙ ሰው ምኞት ነው። ኤልጂቢቲ (የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ፣ የሁለቱም ጾታ አፍቃሪና ትራንስ) ተጓዦችን በደስታ እንቀበላለን የሚሉ የሃይኪንግ አዘጋጆችም አሉ። አሜሪካና አውሮፓ የምንኖር ሐበሾችም ስለነዚህ ጉዞዎች እንጠይቃለን፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው እንጂ። በሹክሹክታ የሚጠየቅ ነገር ደግሞ መልሱም በወሬ ነው የሚመጣው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኩስኮ ላይ ባንዲራው በየቦታው ተሰቅሏል፤ ከተማዋ የእኛ ናት»

ተጓዦች መጀመሪያ የሚያርፉባትን የኩስኮን ከተማ በፎቶ ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። በዋናው አደባባይ የቀስተ ደመና ባንዲራ ይውለበለባል። ግን የከተማዋ የራሷ ባንዲራ ነው። ቀለሞቹን ቁጠሩ፤ ሰባት ናቸው። የተለመደው የኤልጂቢቲ ባንዲራ ስድስት ነው። የኩስኮው ተጨማሪ ውኃ ሰማያዊ መስመር አለው። በኋላም ልዩነቱ እንዲታወቅ የወርቅ ፀሐይ ተጨምሮበታል።

የሚገርመው ኩስኮ ባንዲራዋን በይፋ የተቀበለችው በ1978 ነው። ጊልበርት ቤከር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጀመሪያውን የኤልጂቢቲ ባንዲራ የሠራውም በዚያው ዓመት ነው። አንዱ ከሌላው አልቀዳም። የኩስኮው በ1973 ለአንድ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ በዓል የተዘጋጀ ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ስህተት ተደርቧል። ብዙ ሰው የጥንቱ የኢንካ መንግሥት ባንዲራ ነው ይላል። የፔሩ የታሪክ አካዳሚ ግን ኢንካዎች ባንዲራ የሚባል ነገር እንዳልነበራቸው ተናግሯል። ቀስተ ደመናን ያከብሩ ነበር፤ ያ እውነት ነው። ጸሐፊው ጋርሲላሶ ኮሪካንቻ በተባለው የኩስኮ ቤተ መቅደስ ውስጥ ለቀስተ ደመና የተለየ ክፍል እንደነበረ ጽፏል። እኛ የማርያም መቀነት ብለን እንደምናከብረው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ሆኖም ባንዲራ የሰቀለ ሆቴል ሁሉ ስለ እናንተ ያሰበ አይምሰላችሁ።

«ፔሩ ውስጥ ሕግ ይከለክላል፤ ታስራላችሁ»

አይከለክልም። በፔሩ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ከ1924 ጀምሮ ወንጀል አይደለም። ያ ማለት ግን ሁሉም ነገር ተመቻችቷል ማለት አይደለም። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የለም። በ2024 የትራንስ ሰዎችን (ሲወለዱ ከተባሉት የተለየ ጾታ ያላቸውን) ማንነት ከአእምሮ ሕመም ዝርዝር ውስጥ ያስገባ የመንግሥት ድንጋጌ ወጥቶ ሊማ ላይ ተቃውሞ ቀስቅሶ ነበር። የተራራው መንደሮች ደግሞ ወግ አጥባቂ ናቸው። መንገድ ላይ መሳሳም ዓይን ይስባል። አገር ቤት ያለው ዓይነት የእስር ፍርሃት ግን እዚያ አይከተላችሁም።

«ኢንካዎች እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም ነበር» ወይም «ኢንካዎች ነፃ ነበሩ»

ሁለቱንም እሰማለሁ። ሁለቱም ካለው መረጃ በላይ ይናገራሉ። ኢንካዎች በፊደል የጻፉት ታሪክ የለም። የምናነበው ከስፔኖች ወረራ በኋላ የተጻፈውን ነው። ጋርሲላሶ ኢንካዎች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በጭካኔ ይቀጡ እንደነበር ይናገራል። ስፔናዊው ጸሐፊ ሲዬሳ ዴ ሌዮን በበኩሉ በአንዳንድ ቤተ መቅደሶች እንደ ሴት የሚለብሱና የሚያገለግሉ ወንዶች እንደነበሩ መዝግቧል። በ1613 ገደማ የጻፈው የአንዲስ ተወላጅ ፓቻኩቲ ያምኪ ደግሞ «ሁለት ባሕርይ» ላላቸው ሰዎች ጠባቂ የሆነ ቹኪ ቺንቻይ የሚባል እንስሳ ይጠቅሳል። ስለዚህ ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ በትሕትና ልታርሙት ትችላላችሁ።

ማቹ ፒቹ የፀሐይ ደናግል ከተማ ነበረች የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1916 እዚያ የተገኙትን አጽሞች የመረመረ ባለሙያ አብዛኞቹ የሴት ናቸው አለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የአጽም ተመራማሪው ጆን ቬራኖ ደግሞ ሲመረምራቸው የወንዱና የሴቱ ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

«ኤልጂቢቲ ተስማሚ ከተባለ ጭፈራ ነው»

ጠዋት በጨለማ ትነሳላችሁ። ቀኑን ሙሉ የድንጋይ ደረጃ ትወጣላችሁ። ማታ ሾርባ ጠጥታችሁ ትተኛላችሁ። ጉዞው እንደማንኛውም ጉዞ ነው። አንዳንዱ ቡድን ለኤልጂቢቲ ተጓዦች ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ማንንም ይቀበላል። ቀድማችሁ ጠይቁ።

«ተስማሚ ነን ብለው ከጻፉ በቂ ነው»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሚጽፈው ቢሮ ያለው ሰው ነው። አራት ቀን አብሯችሁ የሚውል የሚያድረው ግን አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና ተሸካሚዎቹ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ተራራው ላይ አብሮን የሚሆነው ሰው ያውቃል?» መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ አዘጋጅ ፈልጉ።

ድንኳኑ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሰው ነው። ብቻውን የመጣን ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሊያሳድሩት ይችላሉ። የማይመቻችሁ ከሆነ ጨምራችሁ ከፍላችሁ ለብቻ ያዙ። ኩስኮ ሆቴል ስትይዙ ደግሞ «ካማ ማትሪሞኒያል» በሉ። በስፓኒሽ የጥንዶች አልጋ ማለት ነው። ካልተባለ ለሁለት ወንዶች ወይም ለሁለት ሴቶች ሁለት ነጠላ አልጋ ማንጠፍ የተለመደ ነው። ሌሊት ላይ እንግዳ ተቀባዩ ፊት ቆሞ ማስረዳት ደግሞ ያደክማል።

ለእኛ ሰዎች ከሁሉ የሚከብደው ፎቶ ነው። አዘጋጆች የቡድኑን ፎቶ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ይለጥፋሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ቤተሰብ ጋ የሚደርስ አንድ ፎቶም ብዙ ነገር ያበላሻል። ፎቶዬ እንዳይወጣ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ንገሯቸው። አስጎብኚውንም በመጀመሪያው ቀን አስታውሱት። ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

«ትራንስ ሰው ኬላው ላይ ይመለሳል»

ማንነቱን አይተው አይመልሱም። የሚያዩት ሰነድ ነው። የኢንካ መንገድ (ወደ ማቹ ፒቹ የሚያደርሰው የአራት ቀን የእግር መንገድ) ፈቃድ በፓስፖርት ስምና ቁጥር ይወጣል፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። መነሻው ኬላ ላይ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ስጡ፤ የምትጠሩበትን ስም ለአስጎብኚው ለብቻው ንገሩት። መድኃኒት ከያዛችሁ ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ሌሊት ብርዱ ስለሚበረታ ስሊፒንግ ባጋችሁ ውስጥ ይደር። አንዳንድ አዘጋጆች የመጸዳጃ ድንኳን ይዘው ይጓዛሉ። ያ ለሁሉም ሰው ይመቻል።

«የደጋ ልጅ ነኝ፤ ከፍታው አይነካኝም»

ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ላይ ነች። ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። ችግሩ ከዚያ በፊት ነው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ያህል ነው። በኢንካ መንገድ ሁለተኛ ቀን ላይ ዋርሚዋኙስካ የሚባል የተራራ በር አለ፤ ትርጉሙ «የሞተች ሴት» ነው። 4,215 ሜትር። በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ለዓመታት የኖረ ሰው ሰውነቱ ከፍታውን ረስቶታል። ጂም መሥራትም ከከፍታ ሕመም አያድንም።

መንገዱን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሦስት ቀን እረፉ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከኩስኮ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በኦያንታይታምቦ ብታድሩ የተሻለ ነው። ዳያሞክስ የተባለውን የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ወደ ላይ አትቀጥሉ። እርምጃ ከተንገዳገደ፣ ሰው ግራ ከተጋባ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ ነው። አስጎብኚያችሁን የምትሸማቀቁበት ከሆነ ሕመማችሁንም ትደብቃላችሁ። ስለ አስጎብኚው ያን ያህል የወተወትኩት ለዚህም ነው።

«የኢንካ መንገድ ቦታ ካለቀ ጉዞው ቀረ»

በእርግጥ ቶሎ ያልቃል። በቀን የሚፈቀደው ተሸካሚና አስጎብኚ ጨምሮ 500 ሰው ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ለጥገና ይዘጋል፤ በእነሱ ፌብሩዋሪ ማለት ነው። ግን ቾኬኪራው አለ። እሱም የኢንካ ፍርስራሽ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ገና በደን ተሸፍኗል። ከካቾራ መንደር ወጥታችሁ አፑሪማክ ወንዝ ድረስ፣ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ትወርዳላችሁ። ከዚያ እንደገና ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ትወጣላችሁ። ጉልበት ይፈትናል። ዕቃውን በቅሎ ይሸከማል። ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ብትሄዱ የሚያያችሁ በቅሎው ጫኝ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ አራት ወይም አምስት ቀን ያዙለት።