ማስተር ምንድን ነው? ዝናው የዘፋኙ፣ ቀረጻው የሌላ

ቤሲ ስሚዝ በ1937 በመኪና አደጋ ሞተች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ አንዱን ለይቼ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፊላደልፊያ ውስጥ ሺዎች ወጥተው ሸኟት። «የብሉዝ እቴጌ» ነበረች። መቃብሯ ላይ ግን ለ33 ዓመት ስሟን የሚናገር ድንጋይ አልነበረም። በ1970 ሁለት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው አቆሙላት። አንዷ ቤሲን እየሰማች ያደገችው ነጭ ዘፋኝ ጃኒስ ጆፕሊን ናት። ሌላዋ በልጅነቷ የቤሲን ቤት ወለል ታጥብ የነበረች የፊላደልፊያ ሴት ናት።

ለዚያ ባዶ መቃብር ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ግን ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ቤሲ በ1923 ኮሎምቢያ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ስትፈራረም ለእያንዳንዱ ዘፈን የተቆረጠ ዋጋ ተቀበለች። ከሽያጩ ድርሻ አልነበራትም። ሸክላዎቿ በመቶ ሺዎች ሲሸጡ እሷ ዘፈኗን አንዴ ሸጣ ጨርሳለች። የሚሸጠው ነገር፣ ማለትም ያ የተቀረጸ ድምፅ፣ የእሷ አልነበረም። ማስተር የሚባለው እሱ ነው።

ስቱዲዮ የሚያዘወትር ሰው «ማስተር» ሲባል ሌላ ነገር ሊመጣበት ይችላል። ዘፈን ተቀርጾ፣ ሚክስ ተደርጎ ካለቀ በኋላ ድምፁን የማጥራትና የማመጣጠን የመጨረሻ ሥራ አለ። «ማስተር እየተደረገ ነው» እንላለን። የማወራው ስለሱ አይደለም። እዚህ ማስተር ማለት የዘፈኑ ዋና ቀረጻ ነው። ሸክላው፣ ካሴቱ፣ ሲዲው፣ ዛሬ ስልካችን ላይ የምንሰማው ፋይል ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ ነው። ድሮ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ነበር፤ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ የቴፕ ጥቅልል። በ2008 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ሲቃጠል እንዲህ ያሉ ቴፖች የሞሉበት መጋዘን አብሮ ነደደ። ስንት ማስተር እንደወደመ ብዙ አከራክሯል። ዋናው ከነደደ፣ የሚቀረው ቅጂው ነው።

ማስተር ግን ከዕቃነቱ በላይ መብት ነው። ይህን ቀረጻ ማን ይሸጠዋል? ለፊልምና ለማስታወቂያ ማን ይፈቅደዋል? ከገበያ ማን ያነሳዋል? መልሱ ሁሌም የማስተሩ ባለቤት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንደኛው ግጥምና ዜማው ነው፤ እሱ የደራሲው ነው። ሁለተኛው ያ ግጥምና ዜማ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በአንድ ድምፅ የተቀረጸበት ቀረጻ ነው። አንድን ዘፈን አሥር ሰው ቢዘፍነው ድርሰቱ አንድ ነው፤ ማስተሩ ግን አሥር ነው።

«ሪስፔክት»ን ተመልከቱ። ደራሲው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። በ1965 ራሱ ዘፍኖታል። ከሁለት ዓመት በኋላ አሬታ ፍራንክሊን ወሰደችውና አዲስ ነፍስ ዘራችበት። የሴቶችም የጥቁሮችም የመብት መዝሙር ሆነ። ዛሬ ዘፈኑ ሲነሳ ትዝ የምትለን እሷ ናት። ነገር ግን የአሜሪካ የኤኤምና የኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለድርሰቱ ብቻ ነው። ለዘፋኙም ለማስተሩ ባለቤትም አይከፍልም። ስለዚህ የአሬታ ድምፅ በአየር ላይ በተሰማ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ወደ ኦቲስ ወራሾችና ወደ አሳታሚው ነበር። አሬታ በ2018 እስክታርፍ ድረስ ከዚያ ሬዲዮ ለድምፅዋ የሚከፈላት ነገር አልነበረም። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ዘፈኑ ስለ ክብር ነው።

ታዲያ ዘፋኝ ማስተሩን እንዴት ያጣዋል? ብዙ ጊዜ የሚያጣው ፊርማው ዕለት ነው። ኩባንያው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፣ የስቱዲዮ፣ የቪዲዮና የማስተዋወቂያ ወጪ ይሸፍናል። ስጦታ ይመስላል፤ ዕዳ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ አልበም 300 ሺህ ዶላር ወጣበት እንበል። ገቢው 1 ሚሊዮን ሆነ። የዘፋኙ ድርሻ ከመቶ 10 ነው። ማለትም 100 ሺህ ነው። ዕዳው የሚቀነሰው ከዚያች ከ100 ሺህዋ ነው። ሚሊዮን ያስገባው ዘፋኝ አሁንም የ200 ሺህ ባለዕዳ ነው። ለወጉ ደግሞ መድረክ ላይ እያብለጨለጨ መታየት አለበት።

ከዚህ የሚከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ለዓመታት ለባንክ ከፍሎ ሲጨርስ ቤቱ የሱ ይሆናል። ዘፋኙ ግን ዕዳውን ከራሱ ድርሻ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍሎም ማስተሩ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል።

ቲኤልሲ የሚባሉትን ሦስት የአትላንታ ሴቶች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ1994 ያወጡት አልበም በሚሊዮኖች ተሸጠ። በ1995 ኪሳራ አስመዘገቡ። በ1996 ግራሚ አሸንፈው ጋዜጠኞች ፊት ሲቀርቡ፣ አሥር ሚሊዮን አልበም የሸጡ ሴቶች ኪሳቸው ባዶ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ያኔ ብዙ ሰው አላመነም። አባካኞች ናቸው የሚልም ነበር። ሂሳቡን ከላይ እንዳየነው ከሠራችሁት ግን የማይታመን ነገር የለውም።

እንዲህ ያለ ውል የፈረሙት ጥቁሮች ብቻ አይደሉም። ነጭ ዘፋኞችም ፈርመዋል። ልዩነቱ ጥቁሩ ዘፋኝ ጠረጴዛው ጋ ሲቀርብ ይዞት የሚመጣው አቅም ላይ ነው። በ1920 የሜሚ ስሚዝ የብሉዝ ሸክላ ገበያውን ሲያናውጠው ኩባንያዎቹ ጥቁር ገዢ እንዳለ ተረዱ። ከዚያ የጥቁሮችን ሙዚቃ «የዘር ሸክላ» ብለው ለብቻው ዘርዝረው መሸጥ ጀመሩ። ዘመኑ የዘር መድልዎ ሕግ የጸናበት ነው። ጠበቃ ማግኘት ከባድ ነው። ባንክ አያበድርም። ፍርድ ቤት ቢኬድ ማን ይሰማል? ሊትል ሪቻርድ በ1955 ዓለምን ያስጨፈረ ዘፈኑን የድርሰት መብት በ50 ዶላር ነበር የሸጠው። ከዓመታት በኋላ ኩባንያውን ከሰሰ፤ ነገሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ።

ዘፋኙ ሬይ ቻርልስ ይህን ቀድሞ ነቃበት። በ1959 አትላንቲክ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ወጥቶ ሌላው ኩባንያ ኤቢሲ ፓራማውንት ሲገባ፣ ማስተሮቹ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ወደሱ እንዲመለሱ ውሉ ላይ አስገባ። ያኔ 29 ዓመቱ ነው። ለዘፋኝ፣ ለነጭም ቢሆን፣ እምብዛም የማይሰጥ ነገር ነበር።

በዚያው ዓመት ዲትሮይት ውስጥ ቤሪ ጎርዲ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በኋላ ሞታውን የሆነውን ድርጅት ጀመረ። በጥቁር ሰው የተያዘ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ነበር፤ ኩራት ነው። ግን ማስተሮቹ የኩባንያው እንጂ የዘፋኞቹ አልነበሩም። በ1988 ጎርዲ ኩባንያውን በ61 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ቀረጻዎቹም አብረው ሄዱ። የኩባንያው ባለቤት ጥቁር መሆኑና ዘፋኙ የድምፁ ባለቤት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ማስተር የሚለውን ቃል ከሙዚቃ ሰፈር አውጥቶ ለዓለም ያሳወቀው ግን ዘፋኙ ፕሪንስ ነው። በ1977 ገና ወጣት ሳለ ከዋርነር የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ፈረመ። በ1992 ውሉ ሲታደስ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ተወራ። ፕሪንስ ግን ደስተኛ አልነበረም። ቶሎ ቶሎ ብዙ ሙዚቃ ማውጣት ይፈልጋል፤ ኩባንያው ደግሞ ገበያውን እያየ ማራራቅ ይፈልጋል። የሠራው ሁሉ የነሱ ነው። በ1993 ስሙን ትቶ በማይነበብ ምልክት ተካው፤ «ፕሪንስ» የሚለው ስም ራሱ የኩባንያው ሸቀጥ ሆኗል ብሎ ነው። ቀጥሎ ጉንጩ ላይ «ባሪያ» ብሎ ጽፎ በአደባባይ መታየት ጀመረ።

ብዙዎች ሳቁበት። ሚሊየነር ምን ሆኖ ነው ባሪያ የሚለው? አሉ። ሰዎቹ ያልገባቸው በእንግሊዝኛ «ማስተር» የሚለው ቃል የባሪያ ጌታም ማለት መሆኑ ያለው ክብደት ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ በባርነት ለተሸጡ ሰው ያ ቃል ተራ የስቱዲዮ ቃል አይደለም። በ1996 ፕሪንስ ለአንድ መጽሔት የተናገረው አሳቡ ይህ ነው፦ ማስተርህ በእጅህ ካልሆነ ጌታ አለህ ማለት ነው። በአማርኛ የቃሉ ጨዋታ ይጠፋል፤ ነገሩ ግን አይጠፋም።

በዚያው ዓመት ከዋርነር ተላቀቀ። በ2014 ደግሞ ከዚያው ኩባንያ ጋር እንደገና ተስማምቶ የድሮ ማስተሮቹን ባለቤትነት አገኘ። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይጠቀምበት፣ ሚያዝያ 2016 ላይ አረፈ። ለዚህ መብት ዕድሜውን ሲታገል የኖረ ሰው ኑዛዜ አልተወም። ውርሱ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ በ2022 ንብረቱ 156.4 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተተመነ። ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል።

ከፕሪንስ በኋላ ብዙ ነገር ተቀይሯል። የአሜሪካ ሕግ ከ1978 ጀምሮ ለተፈረሙ ውሎች አንድ በር ከፍቷል። መብቱን አሳልፎ የሰጠ አርቲስት ከ35 ዓመት በኋላ መልሶ መጠየቅ ይችላል። ኩባንያዎቹ ደግሞ «ዘፋኙ ተቀጥሮ የሠራልን ነው» እያሉ ይከራከራሉ። በ2021 አኒታ ቤከር ማስተሮቿን እስክታገኝ ድረስ አድናቂዎቿ ዘፈኖቿን በኢንተርኔት እንዳይሰሙ ጠየቀች። ዘፋኝ «አትስሙኝ» ስትል አስቡት። በዚያው ዓመት ማስተሮቿ እጇ ገቡ።

ሁሉም እንዲህ አልቀናውም። ዴ ላ ሶል የሚባሉት ሦስት የኒውዮርክ ልጆች በ1989 ባወጡት አልበም የሂፕ ሆፕን መልክ ቀይረዋል። የድሮ አልበሞቻቸው ግን ኢንተርኔት ላይ ለረጅም ዓመታት አልነበሩም። ሙዚቃቸው ከሌሎች ዘፈኖች በተቆረጡ ድምፆች የተሞላ ነው። አንድ ቁራጭ ለመጠቀም የድርሰቱ ባለቤትም የማስተሩ ባለቤትም መፍቀድ አለባቸው። (ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» የተጠቀሙበት መንገድ ይኸው ሳምፕል የሚባለው ነው።) የድሮዎቹ ውሎች ደግሞ ኢንተርኔትን አያውቁም። ከኩባንያቸው ጋርም በክፍያ አልተግባቡም። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ትውልድ ሳይሰማቸው አደገ። በመጨረሻ ነገሩ ተፈታና መጋቢት 3 ቀን 2023 እነዚያ አልበሞች በሁሉም ቦታ ተለቀቁ። ከሦስቱ አንዱ ዴቭ ግን ያን ቀን አላየም። ያረፈው የካቲት 12 ነው። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ስም ራፐሩ ኒፕሲ ሃስል ነው። ኤርሚያስ አስገዶም። አባቱ ኤርትራዊ፣ እሱ የሎስ አንጀለስ ልጅ። ትልቅ ኩባንያ ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ የራሱን አቋቋመ። በ2013 አንድ ሥራውን በነፃ ለቀቀና 1,000 ቅጂ ብቻ አትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። ጄይ ዚ መቶውን ገዛው። በ2018 ከአትላንቲክ ጋር ሲሠራ እንኳ በሽርክና እንጂ በተቀጣሪነት አልነበረም። ስለ ማስተር ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንደ ተራ ወሬ ያወራ ነበር። መጋቢት 31 ቀን 2019 ሱቁ ደጃፍ ላይ ተገደለ። 33 ዓመቱ ነበር።

እኛስ? በካሴት ዘመን ዘፋኝ አልበሙን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጥ የተለመደ ነበር። ካሴቱ ከጠበቁት በላይ ቢሸጥም ተጨማሪ ነገር አይጠየቅም። ከቤሲ ስሚዝ ውል ብዙም አይርቅም። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 «የቅጂና ተዛማጅ መብቶች» ይላል። ያቺ «ተዛማጅ» የምትለዋ ቃል ናት የዘፋኙንና የአሳታሚውን መብት የያዘችው። ብዙ ዘፋኞች «ቅጂ» የሚለውን ሰምተው «ተዛማጅ» ላይ ሳይደርሱ ይፈርማሉ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ስልካችሁ ላይ በስፖቲፋይ የምትወዱትን አልበም ክፈቱና እስከ ታች ውረዱ። ሁለት ምልክቶች ታያላችሁ። © ለሽፋኑና ለጽሑፉ ነው። ከጎኑ ያለችው ℗ የቀረጻው ናት። ከእሷ ቀጥሎ የተጻፈው ስም የማስተሩን ባለቤት ወይም ይዞታውን ያገኘውን ድርጅት ይነግራችኋል። ከላይ በትልቁ የተጻፈውን የዘፋኙን ስም ከታች በደቃቁ ከተጻፈው ስም ጋር አስተያዩት።