ፊትና ምንድን ነው?

ሙስሊም ጎረቤት ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። «ፊትና አታንሳ» ይባላል። «የፊትና ዘመን ላይ ደረስን» ይባላል። ሰሚው የሚረዳው ጠብን፣ ሁከትን፣ ሰውን ከሰው ማጋጨትን ነው። ልክ ነው፤ ግን ይህ የቃሉ አንድ ጎን ብቻ ነው። በዐረብኛ ከዚሁ ሥር የሚወጡት ቃላት ወርቅ ማቅለጥን፣ መፈተንን፣ ማቃጠልን፣ እብደትን፣ ልብ የሚያሸፍት ውበትንም ይናገራሉ። ይህ ሁሉ እንዴት ተገናኘ?

ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፦ ፈ፣ ተ፣ ነ። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሦስቱ ፊደላት ባሉበት ይቆያሉ፣ አናባቢው ይለዋወጣል፣ ከፊትና ከኋላ ጭማሪ ይመጣል። እኛ ፈተነ፣ ፈታኝ፣ ተፈታኝ፣ ፈተና እንላለን። እነሱ ደግሞ ፈተነ፣ ፋቲን፣ መፍቱን፣ ፊትና ይላሉ። የግዕዙና የአማርኛው «ፈተነ» ከዐረብኛው ጋር በድምፅም በትርጉምም ይገጥማል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሥር ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዶ ነው የሚጀምረው።

የድሮዎቹ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ቃሉን ሲፈቱ ከአንጥረኛ ነው የሚነሱት። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አል-አዝሃሪ የፊትና ትርጉሞች ተጠቃለው ሲታዩ መፈተንና መሞከር ናቸው ይላል። መነሻው ደግሞ «ብሩንና ወርቁን ፈተንኩት» የሚለው አነጋገር ነው። ይኸውም መጥፎው ከጥሩው እንዲለይ በእሳት አቀለጥኩት ማለት ነው። ኢብን መንዙር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባዘጋጀው «ሊሳን አል-ዐረብ» በተባለው ትልቅ መዝገበ ቃላት ይህንኑ አስፍሮታል። እዚያው ላይ «ፈታን» የሚለው ቃል ወርቅ አንጥረኛ ማለት እንደሆነ እናነባለን። ይኸው «ፈታን» ሰይጣንም ማለት ነው፤ ሰውን ፈትኖ የሚያስት። የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ድንጋያማ መሬት ደግሞ «ፈቲን» ይባላል።

የአንጥረኛውን ሥራ ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወርቅ ሌላ ነገር ሲቀላቀልበት ዓይን ይታለላል። እሳት ውስጥ ሲገባ ግን ባዕዱ ይለያል፣ ወርቁ ይቀራል። እሳቱ ሁለት ነገር አደረገ፤ አቃጠለ፣ ደግሞም እውነቱን አወጣ። የሥሩ ትርጉሞችም በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ሄደዋል። አንዳንዱ ቃል ቃጠሎውን ይዞ ቀረ፣ አንዳንዱ ማጣራቱን።

ቃጠሎው በቁርኣን ውስጥ በግልጽ አለ። በ51ኛው ሱራ (ምዕራፍ) ከሐዲዎች «በእሳት ላይ በሚፈተኑበት ቀን» ይላል፤ የጥንት ተንታኞች «በሚቃጠሉበት» ብለው ነው የሚፈቱት። በ85ኛው ሱራ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍረው፣ እሳት አንድደው፣ አማኞችን የጣሉ ሰዎች ታሪክ አለ። እዚያም ግሡ «ፈተኑ» ነው፤ አማኞቹን ፈተኑ። ብዙ ተንታኞች ይህን ታሪክ በደቡብ ዐረቢያ ከነበሩት የናጅራን ክርስቲያኖች ጋር ያያይዙታል። የአይሁድን እምነት የተቀበለው የሒምየር (የጥንቷ የመን) ንጉሥ ዩሱፍ ዙ ኑዋስ እ.ኤ.አ. በ523 አካባቢ የፈጃቸው ናቸው። የአክሱሙ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው ይህን ሰምቶ ነው። ዙ ኑዋስም በእርሱ ጦር ወደቀ። «ፈተኑ» የምትለዋ አንዲት ግሥ ታሪካችንን ነክታ ታልፋለች።

ማጣራቱ ደግሞ ሰፊውን ቦታ ይይዛል። 29ኛው ሱራ ሲጀምር ሰዎች «አምነናል» ስላሉ ብቻ ሳይፈተኑ የሚተዉ ይመስላቸዋልን ብሎ ይጠይቃል። በ8ኛው ሱራ ገንዘባችሁና ልጆቻችሁ ፊትና ናቸው ይላል። እዚህ ላይ «ፊትና»ን ሁከት ብለን ብንፈታው ልጆች ሁከት ናቸው ማለት ይሆናል፤ ትርጉም አይሰጥም። ፈተና ስንለው ግን ወዲያው ይገባናል። 21ኛው ሱራም በክፉም በበጎም እንፈትናችኋለን ይላል። ደስታም ይፈትናል ማለት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በ1ኛ ጴጥሮስ ላይ እምነትን «በእሳት ምንም ቢፈተን ከሚጠፋው ወርቅ» ጋር ያወዳድራል። ወርቅ፣ እሳት፣ ፈተና፤ ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው።

በጣም የምወደው አጠቃቀም ግን በሐዲስ፣ ማለትም ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ሥራ በተላለፈው ትረካ ውስጥ ያለው ነው። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ሙዓዝ ኢብን ጀበል ሰዎችን ያሰግድ ነበር። አንድ ቀን የቁርኣንን ረጅሙን ሱራ፣ አል-በቀራን ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ አንድ ሰው አልቻለም፤ ከሰልፉ ወጥቶ ለብቻው ሰገደና ሄደ። ነገሩ ነቢዩ ሙሐመድ ዘንድ ሲደርስ ሙዓዝን «አንተ ፈታን ነህን?» አሉት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ አጠር ያሉ ሱራዎችን እንዲያነብ ነገሩት፤ ከኋላው ደካማም፣ ሽማግሌም፣ ጉዳይ ያለበትም ይሰግዳልና። እዚህ ጠብ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ሰይጣንም የለም። የደከመን ሰው ከአቅሙ በላይ ፈትኖ ከሶላት ማራቅ ነው ፊትና የተባለው። ቃሉ ምን ያህል እንደሚረቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ውበትስ? ውበት ሰውን ይፈትናል፣ ቀልቡን ይወስዳል። «ፋቲን» ማለት ቀልብ ሳቢ ማለት ነው፤ ታዋቂዋ የግብፅ ተዋናይት ፋቲን ሐማማ ስሟ ይኸው ነው። «መፍቱን» ደግሞ ቀልቡን የተወሰደ ሰው ነው። በ68ኛው ሱራ «መፍቱን» ማለት ያበደ ማለት ነው። በዛሬው ዐረብኛ ግን አንድን ነገር ከልቡ የወደደ ሰው ማለት ነው። እኛም «አብዶላታል» እንል የለ?

አሁን ወደ ጦርነቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ656 ሦስተኛው ኸሊፋ (ከነቢዩ በኋላ የሙስሊሙ መሪ) ኡስማን መዲና ውስጥ ተገደሉ። ዐሊ ተተኩ፤ ግን ሙስሊሙ ተከፋፈለ። በዚያው ዓመት በበስራ አቅራቢያ የግመሏ ጦርነት ተካሄደ፣ በ657 ሲፊን ላይ ሌላ ጦርነት ሆነ፣ በ661 ዐሊም ተገደሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመን የመጀመሪያው ፊትና ይሉታል። ዐረብኛ ለጦርነት ሌላ ቃል አጥቶ አይደለም፤ «ሐርብ» አለ። ፊትና የተባለው በሁለቱም ወገን የነቢዩ ባልደረቦች ስለነበሩና እያንዳንዱ ሰው ከማን ጋር እቆማለሁ ብሎ ስለተፈተነ ነው። እነ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስና ዐብዱላህ ኢብን ዑመር ከሁሉም ራሳቸውን አግልለዋል። «በፊትና ጊዜ የተቀመጠ ከቆመው ይሻላል፣ የቆመም ከሚሄደው ይሻላል» የሚለው ሐዲስም አለ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የእርስ በርስ ጦርነት ስም ሆኖ ቀረ። ከ1009 እስከ 1031 የኮርዶባን ኸሊፋነት ያፈረሰው ጦርነትም በአንዳሉስ (በሙስሊሞች ሥር በነበረችው ስፔን) ፊትና ነው የሚባለው።

የዛሬው ጆሯችን የለመደው ይህን የመጨረሻውን ትርጉም ነው፤ ችግርም የሚመጣው ከዚያ ነው። በ2ኛው ሱራ ያለው «ፊትና ከመግደል የከፋ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለሐሜትና ነገር ለሚያመላልስ ሰው ሲጠቀስ ይሰማል። ሐሜት ክፉ ነው፤ እውነት ነው። አንቀጹ ግን ከቤታቸው ስለተባረሩ ሰዎች ነው የሚናገረው። የጥንቱ የቁርኣን ተንታኝ አል-ጠበሪ ሲተነትነው አማኝን በሃይማኖቱ ምክንያት እስኪመለስ ድረስ ማሠቃየት ከመግደል ይከብዳል ይላል። የተሠቃዩ ሰዎችን የሚመለከት ቃል ለወሬ ሲውል ክብደቱ ይጠፋል። ይህ ያሳስበኛል። ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድም ልክ አይደለም። ሥሩ ወርቅ ማንጠር ነው ተብሎ በየቦታው ወርቅና እሳት መፈለግ የለበትም። ሥሩ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይነግረናል። አሁን ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ፊጥና» በጠንካራው ጥ ሲሆን ሌላ ሥር ነው፤ ብልህነት፣ ነገር ቶሎ መረዳት ማለት ነው። በዐረብኛ ፊደሉም ሌላ ነው። በአማርኛ ስንጽፍ ትና ጥን ካደባለቅን ብልሁን ሰው ነገረኛ እናደርገዋለን።

ግሡን ሲያገኙት የሚከተለውን መስተዋድድ ማየት ብዙ ይረዳል። «ፉቲነ ቢ» ከሆነ ሰውየው በአንድ ነገር ተማርኳል። «ፈተነ በይነ» ሲሆን በሰዎች መካከል ጠብ ዘርቷል። «ፈተነ ዐን» ደግሞ ከአንድ ነገር ማራቅ፣ ከመንገድ ማስወጣት ነው፤ 5ኛው ሱራ አላህ ካወረደው ከፊሉ እንዳያስወጡህ ተጠንቀቅ ሲል የተጠቀመው ይህን ነው። ካይሮ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕፃን «ፈተን ዐለያ» እያለ ቢያለቅስ ወንድሙ እናቱ ዘንድ አሳብቆበታል ማለት ነው።