አከርካሪው የተሰበረ አልሞተም

በዜናውም በስፖርት ዘገባውም «አከርካሪውን ሰበሩት» የሚባለው ስላለቀለት፣ ዳግም ስለማይነሳ ነገር ሲወራ ነው። አባባሉ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም።

ምንጩን ከጦር ሜዳ የሚያመጡ አሉ። እኔ ከእረኛ ዱላ ነው የምለው፤ ምስክሬም እባብ ነው። በካብ ሥር የሚሹለከለክ እባብ አናቱ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታም አትረጋም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዱላ የሚያርፈው መሀል ወገቡ ላይ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ውስጡ ያለው የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰር፣ ሲበጠስ ከዚያ በታች ያለው አካል መሳቡን ይተዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ቀና ብሎ ይናደፋል። ሁለተኛው ዱላ ለአናቱ ነው። የተቆረጠ አናት እንኳ ለጊዜው መንከስ ስለሚችል በእጅ አይነካም። እንግዲህ አከርካሪ መስበር ማለት ጠላትን ካለበት ማስቀረት እንጂ መጨረስ አይደለም።

በሰውም ያው ነው። የአዋቂ ህብለ ሰረሰር 45 ሳንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ከአንጎል ግንድ ጀምሮ 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርዱት የነርቭ ዘለላዎች ናቸው። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ፈሳሽ መቅጃው መርፌ በ3ኛውና በ4ኛው መካከል የሚገባውም ዋናውን ገመድ እንዳይወጋ ነው። ከግራና ከቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡበታል። ዋናው ጥያቄ የቱ ጋ ተጎዳ የሚለው ነው። ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከአንገት 3ኛ እስከ 5ኛ ካሉት ስለሚነሳ፣ ከዚያ በላይ ከተበጠሰ ሰውየው በራሱ መተንፈስ አይችልም። ደረት ላይ ከሆነ እጁና አእምሮው ደህና ናቸው፤ እግሩን፣ ሽንቱንና ሰገራውን ማዘዝ ግን አይችልም።

ከስብራቱ በታች ያለውም ቢሆን አልሞተም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት እግሩ ይዝላል፤ ጉልበቱን ቢመቱት ዝም ነው። ቆይቶ ሪፍሌክሱ፣ ማለትም ሳያዝዙት የሚመጣው የሰውነት ምላሽ፣ ይመለሳል፣ ያውም ከድሮው ብሶ፤ ጡንቻው ይገተራል፣ እግሩ ሳይታዘዝ ይፈራገጣል። ቤተሰብ «ዳነ!» ብሎ እልል የሚለው ይኼኔ ነው። እግሩን ያንቀሳቀሰው ግን አንጎል አይደለም፤ ህብለ ሰረሰሩ ለብቻው ነው። ጉዳቱ 6ኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የሞላ የሽንት ፊኛ ብቻውን የደም ግፊትን በድንገት ያስወነጭፋል፤ ራስ ይፈልጣል፣ ፊት በላብ ይጠመቃል። ያኔ በሽተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ሽንት እንዲወርድበት የገባለት ቱቦ ታጥፎ እንደሆነ ማየት፣ ካልተሻለው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ስብራትን ከፍጻሜ መቁጠር በጋዜጠኛ አፍ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። መኪና የገለበጠውን ሰው «አከርካሪው ተሰብሯል» ብለው በብብቱና በእግሩ አንጠልጥለው ጭነት መኪና ላይ የሚወረውሩትም ያለቀ ነገር እየመሰላቸው ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ያልተነካ ብዙ ነው፤ የሚበጥሰው አነሳሱ ነው። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለና ከተነፈሰ ባለበት ይቆይ። የግድ ከተነሳም አንዱ ራሱንና አንገቱን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን፤ ራስ የያዘው ሲቆጥር እኩል አገላብጠው ሳንቃ ላይ ያሳርፉት።