ሺርዎተር ምንድን ነው? መሬት የምታስፈራው ወፍ

ሺርዎተር የባሕር ወፍ ነው። የባሕር ወፍ ሲባል ግን ወደብ አካባቢ የዓሣ ትርፍራፊ ሲለቅም የሚውለውን ዓይነት እንዳታስቡ። የሺርዎተር ቤት መሬት ከዓይን ከጠፋ በኋላ ያለው ውቅያኖስ ነው። እዚያ ይበላል፣ እዚያ ይጠጣል፣ ሲደክመውም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ያርፋል። ወደ የብስ የሚመጣው እንቁላል ለመጣልና ጫጩት ለማሳደግ ብቻ ነው። እሱንም የሚያደርገው እየፈራ ነው።

ሠላሳ ገደማ ዝርያዎች አሉት። ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው የፋርስ ሺርዎተር ነው። ኦማን ውስጥ በሃላኒያት ደሴቶች ይራባል፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤም ሲበር ይታያል። በደንብ የተጠናው ግን የማንክስ ሺርዎተር ስለሆነ፣ እኔም በእሱ ላይ ላተኩር። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው። ክብደቱ 400 ግራም ገደማ ነው፣ ከእርግብ ብዙም አይበልጥም። ክንፉን ሲዘረጋ ግን 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ረጅም ክንፍ የተሰጠው በከንቱ አይደለም። ባሕር ላይ የነፋስ ፍጥነት እንደ ከፍታው ይለያያል። ከማዕበሉ አጠገብ ውሃው ስለሚይዘው ቀርፋፋ ነው፤ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ሲል ይፈጥናል። ሺርዎተር የሚኖረው በዚህ ልዩነት ነው። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ሽቅብ ይወጣል። ፈጣኑ ነፋስ ሲያገኘው ይታጠፍና ቁልቁል ይወረወራል። በሁለት ማዕበል መካከል ገብቶ፣ የክንፉ ጫፍ ውሃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እንደገና ይነሳል። እንዲህ እያለ ክንፉን እምብዛም ሳያራግብ ለሰዓታት ይጓዛል። ነፋስ ሲበረታ ሌላው ወፍ መጠለያ ይፈልጋል። ለሺርዎተር መንገዱ የሚቀናው ያኔ ነው።

የሚጠጣውስ? የባሕሩን ጨዋማ ውሃ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለ ዕጢ ጨዉን ከደሙ እየለየ ያወጣል። ጨዋማው ፈሳሽ በአፍንጫው በኩል ወርዶ ከምንቃሩ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። አፍንጫው ራሱ ምንቃሩ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ቱቦ ነው። ወፍ ሽታ አያውቅም የሚባለው ነገር እዚህ ጋ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የዚህን አፍንጫ ጉልበት አሳይቷል። ተመራማሪዎች የኮሪ ሺርዎተሮችን ከአዞረስ ደሴቶች ወስደው መሬት ከማይታይበት ውቅያኖስ ላይ ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ ላይ ማግኔት አስረው የመሬትን መግነጢሳዊ ኃይል እንዳይለዩ አደረጉ። ሌሎቹን ለጊዜው ማሽተት እንዳይችሉ አደረጉ። ማግኔት የታሰረባቸው ቤታቸውን አገኙ። ማሽተት ያቃታቸው ግን ባሕሩ ላይ ሲንከራተቱ ከረሙ። እኛ ባዶ ውሃ ብቻ የምናይበት ቦታ ለእነሱ በጠረን የሚነበብ አገር ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ።

በዌልስ ጠረፍ ስኮመር የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገ ቆጠራ 350,000 ገደማ ጥንድ ማንክስ ሺርዎተሮች እንዳሉባት ተገምቷል። ቀን ብትሄዱ ግን በሕይወት ያለ አንድም ላታዩ ትችላላችሁ። አንዳንዶቹ ከእግራችሁ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ሌሎቹ ባሕር ላይ ውለዋል። ሲመሻሽ ባሕር የዋሉት ከደሴቷ ፊት ለፊት ውሃው ላይ ይሰበሰባሉ። ቶሎ አይገቡም። ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ጨለማ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ጨረቃ ከደመቀች ብዙዎቹ ጭራሽ ይቀራሉ።

ምክንያቱ እግራቸው ነው። እግራቸው ለመዋኘትና ለመጥለቅ እንዲመች ከሰውነታቸው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ስለዚህ መሬት ላይ እንደ ሌላ ወፍ ቆመው መራመድ ይከብዳቸዋል። አንዱ ሺርዎተር ሣሩ ላይ ዱብ ይላል። ከዚያ በደረቱ እየተሳበ፣ በክንፉ እየተደገፈ ወደ ጉድጓዱ ይንፏቀቃል። በዚህ መሀል ጥቁር ጀርባ ያላቸው ትልልቅ የጠረፍ ወፎች ካዩት አለቀለት። ጠዋት ሣሩ ላይ የሚገኘው ሁለት ክንፍና አጥንት ነው። በጨለማው ሌሊት ግን ደሴቷ በሻካራ ጩኸት ትናወጣለች። ጉድጓድ ውስጥ የታቀፈችው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የባሏን ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች።

በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጣለው። ወንዱና ሴቷ ለቀናት እየተፈራረቁ 51 ቀን ገደማ ይታቀፉታል። ጫጩቱ ጉድጓዱ ውስጥ ወደ 70 ቀን ይቀመጣል። በዓሣ እየተቀለበ ከወላጆቹ በላይ ይወፍራል። ከዚያ ወላጆቹ ትተውት ይሄዳሉ። ብቻውን፣ በቋጠረው ስብ እየኖረ ቀናት ይቆይና አንድ ሌሊት ወጥቶ ይበራል። የሚሄደው ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ አርጀንቲና ጠረፍ ድረስ ነው። ጉዞው 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የሚያሳየው ወላጅ የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መደነቄን አልተውም።

አዋቂው ደግሞ የትም ቢወሰድ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሮዛሪዮ ማዜዮ የተባለ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ክላሪኔት ተጫዋች ከስኮመር ጎረቤት ከስኮክሆልም ደሴት ሁለት ሺርዎተሮች ይዞ በአውሮፕላን አሜሪካ ገባ። አንዷ መንገድ ላይ ሞተች። የተረፈችውን ቦስተን ላይ ለቀቃት። 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጣ፣ በ12 ቀን ተኩል ስኮክሆልም ላይ ጉድጓዷ ውስጥ ተገኘች። በእግሯ ቀለበት ላይ ያለው ቁጥር ባይኖር ማንም አያምንም ነበር። መለቀቋን የሚናገረው የማዜዮ ደብዳቤ ገና አልደረሰም ነበር።

የኒውዚላንዱ ጥቁር ሺርዎተር በርቀት ከዚህም ይብሳል። በመከታተያ መሣሪያ እንደታየው በአንድ ዙር ፍልሰት ፓሲፊክን ወጥቶ ወርዶ 64,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። ሰሜን አየርላንድ፣ ኮፕላንድ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 ቀለበት የታሰረለት አንድ ማንክስ በ2003 እዚያው ተይዟል።

እንግዲህ ማዕበልን እንዲህ የሚችል ወፍ የሚጠፋው በምንድን ነው? አብዛኛው ጥፋት የሚመጣበት ከመሬት ነው። የአውስትራሊያዋ ሎርድ ሃው ደሴት ጫጩቶች ወላጆቻቸው ከባሕር ለቅመው በሚያጎርሷቸው ፕላስቲክ ጨጓራቸው እየቆሰለ ጠባሳ ይሠራል። ፕላስቲኩን ባሕር አልፈጠረውም። ሃዋይ ውስጥ በካዋይ ደሴት ደግሞ ከጎጇቸው ሌሊት የሚወጡ የኒውል ሺርዎተር ጫጩቶች የመንገድና የሆቴል መብራት ያደናግራቸዋል። ሲዞሩ ሲዞሩ ደክሟቸው ይወድቃሉ። ከወደቁ በኋላ ከሜዳ ላይ መነሳት ስለሚያቅታቸው መኪና ወይም ድመት ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የደሴቷ ነዋሪዎች የወደቁትን እያነሱ እሳት አደጋ ጣቢያ በተቀመጡ ሣጥኖች ያስረክባሉ። ጤናቸው ታይቶ ወደ ባሕር ይለቀቃሉ።

ከሁሉ የከፋው አይጥ ነው። በመርከብ ደሴት ላይ የገባ አይጥ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞረ እንቁላልና ጫጩት ይጨርሳል። በዓመት አንድ ብቻ ለሚወልድ ወፍ ይህ የሚተካ ኪሳራ አይደለም። በእንግሊዟ ላንዲ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2001 የቀሩት ማንክስ ሺርዎተሮች 300 ጥንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ አይጦቹን የማጥፋት ዘመቻ ተካሄደ፤ በ2006 ደሴቷ ከአይጥ ነፃ ተባለች። በ2013 ጥንዶቹ ከ3,000 አለፉ። በ2023 ደግሞ ከ12,000 በላይ ሆነው ተቆጠሩ። አይጥ ዳግም እንዳይገባ ክትትሉ አሁንም ቀጥሏል።